የፔርሙዙ ወተት

እናቴ ወተት ያለበት ሻይ ሲያቀርቡላት ስኒውን በጣቷ ጫፍ ገፋ ታደርግና «ይቅርብኝ፣ ሆዴን ይነፋኛል» ትላለች። ውሸቷን ነው። የእናቴ ሆድ ድንጋይ ቢሰጡት ይፈጫል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ለምን እንደምትዋሽ ስለምናውቅ ዝም ብለን ስኒውን ከፊቷ እናነሣና ሌላ እንቀዳላታለን። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ወተት አፏ ጋ ደርሶ አያውቅም፤ ቤቷም አይገባም። ይህን ያደረገባት አንድ ሰው ነው። ሱፍ ለብሶ መጣ፣ ለቅሷችን ላይ ወንበር ይዞ ተቀመጠ፣ ሁለት ሦስት ነገር ተናግሮ ዕድሜዋን ቀምቷት ሄደ። እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ አንዱም አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፣ አሁን ደግሞ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አባቴ የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። መኪና ባትሪ ውስጥ የሚገቡ ስስ ሰሌዳዎች አሉ፤ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ግራጫ ብረት ነው የሚሠሩት። እሱ እነሱን ይቆርጣል፣ ጠርዛቸውን ይሞርዳል። ከሥራ ሲመጣ እኔና ማሙሽ (ታናሽ ወንድሜን ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራው) እየሮጥን ስንወጣለት ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ይጮኻል።

«አትንኩኝ! ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ብያለሁ!»

ከዚያ ግቢ ውስጥ ካለችው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ይልና ፊቱን፣ ክንዱን፣ አንገቱን፣ የጆሮውን ውስጥ ሳይቀር በልብስ ሳሙና ይፈትጋል። ከላዩ የሚወርደው ውሃ አመድ የተበጠበጠበት ይመስላል። እኔ አባቴ ኩራተኛ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ገና ከበር ልጆቻቸውን ብድግ አድርገው ይስማሉ፤ የኔው ጌታ ግን ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ተደላድሎ ካልተቀመጠ አይነካም። አንድ ቀን በጣም ተናድጄ «እኔ እኮ ቆሻሻ አይደለሁም!» አልኩት።

እንዴት እንደሳቀ! «አንቺማ ምን በወጣሽ፣ ቆሻሻውስ ሌላ ነው» አለኝ።

ፋብሪካው ለሠራተኞቹ መታጠቢያ አልነበረውም። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። መታጠቢያ ቤት አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበረ፣ ሙቅ ውሃ ሁሉ ያለው። ለቢሮ ሰዎች ነበር።

አባቴ ታጥቦ ሲጨርስ ከቦርሳው ፔርሙዙን ያወጣል። ቀይ ነው፤ ጎኑ ተጨርምቷል፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። ጠዋት ሻይ ይዞበት ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ ወተት ይዞበት ይመለሳል። «ለልጆቻችሁ ብለው ይሰጡናል» ነበር ለእናቴ ያላት። እሷም ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋ ታበዛውና አሙቃ ለሁለታችን ታካፍለናለች። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስንጠጣ ያየናል። ማሙሽ ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም ሲያበቅል «ሽማግሌው፣ እንደምን አመሹ?» ይለዋል፣ ማሙሽም እንደ ሽማግሌ ያስላል።

«አንተስ?» ስንለው ፊቱን ጭምድድ ያደርጋል። «እኔ? ወተት? በሞቴ ስሙንም አታንሡብኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጠላቴ ነው።»

እኛም አመንነው። አክስቴ፣ ማለትም የአባቴ እህት፣ ኋላ እንደነገረችኝ ግን ልጅ ሳለ የወተቱን ስልባቦት እየገፈፈ ሲበላ ስንት ጊዜ ተገርፏል። «እሱን ከወተት ማሰሮ አጠገብ ማስቀመጥ ድመት ማስቀመጥ ነበር» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔ ግን ተነሥቼ ወጣሁ።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሊያሥቀን መስሎኝ ነበር። ስኒውን ሲያነሣ ሻዩ ይፈስሳል። እኔም እየተቀበልኩ የራሴን ስኒ አንቀጠቅጣለሁ፣ ማሙሽም ይከተላል፤ አባቴ ዓይኑን አጉረጥርጦ ይባስ ብሎ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጠረጴዛው በሻይ ይታጠባል። እናቴ ብቻ አትሥቅም። ጨርቅ ይዛ መጥታ ትወለውልና ወደ ጓዳ ትገባለች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አባቴ ሆዱን ይዞ እጥፍ ይላል። «ዛሬም ቆረጠኝ» ይላል። የፋብሪካው ክሊኒክ የሆድ ትል ነው ብሎ ክኒን ሰጥቶታል። የሆድ ትል! ክኒኑን ዋጠ፣ ዋጠ፣ ምንም ትል አልወጣም።

አጠገባችን የምትኖረው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ስሚኝማ፣ እንዳትቆጪኝ እንጂ…ባልሽ መጠጥ ጀመረ እንዴ?»

«ምን አየሽ?»

«እኔ ምን አየሁ፣ ሰው ነው የሚያወራው። እጁ እንዲያ ሲል፣ ፊቱም እንዲያ ሲገረጣ…»

«ሸቶሽ ያውቃል?»

«ኧረ እሱስ ሸቶኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው አፍንጫሽን እመኚ» አለችና እናቴ በሩን ዘጋችባት። ከዚያ ግን በሩን ተደግፋ ብዙ ቆየች። እኔ የተጣሉ መስሎኝ ልብስ ሰፊዋ የጀመረችልኝን ቀሚስ ሳትጨርስልኝ ልትቀር ነው ብዬ አዘንኩ።

አንድ ቀን አባቴ ምሳ ዕቃውን ረስቶ ሄደ፤ ትምህርት ስላልነበረኝ እናቴ እኔን ላከችኝ። የፋብሪካው ዘበኛ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲለኝ «የአባቴ» አልኩት። ሳቀና «እሱማ ግንባርሽ ላይ ተጽፏል፣ ፎቶ ኮፒው ነሽ። ግቢ፣ የወተት ሰዓት ስለሆነ ሁሉንም እዚያው ታገኚያቸዋለሽ» ብሎ አስገባኝ።

አዳራሹ ውስጥ አየሩ ራሱ ግራጫ ነበር። በመስኮት የገባው ፀሐይ ላይ ብናኙ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ወለሉ ላይ፣ ማሽኑ ላይ፣ የሰዎቹ ቅንድብ ላይ ተኝቷል። አፌን ስከፍት ሳንቲም የላስሁ ያህል ሆነብኝ። ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳው ላይ፣ ከኔ ቁመት የሚበልጥ ትልቅ ማራገቢያ ነበር። አይዞርም። ክንፎቹ መካከል ወፍ ጭራሮና የክር ቁራጭ ለቃቅማ ጎጆ ሠርታለች፤ እንዲያውም ስገባ አንዷ ትል ይዛ ስትመጣ አየኋት። አቤት የደስታዬ ብዛት! የአባቴ ፋብሪካ እንዴት ያለ ደግ ቦታ ነው አልኩ፤ ለሰው ወተት ይሰጣል፣ ለወፍ ቤት ይሠራል።

ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። ፎርማኑ ባልዲ ፊቱ አድርጎ በጭልፋ እየጨለፈ በየኩባያቸው ይቀዳል።

«እዚሁ! እዚሁ ፊቴ ነው የምትጠጣው! ይዞ መሄድ የለም ብለናል!»

አባቴ ኩባያውን ተቀበለ። ከኋላው ያለው ቀጭን ሰውዬ ጋሽ ጉልቤ ነበር፤ እንደ መጥረጊያ እንጨት የቀጠነ ስለሆነ በቀልድ ያወጡለት ስም ነው። ቤታችን ስለሚመጣ አውቀዋለሁ። እሱም ወዲያው ጮኸ።

«አለቃ! ኧረ አለቃ! የኔ ውስጥ ዝንብ አለ!»

«የታለ?» ብሎ ፎርማኑ ኩባያው ውስጥ አንገቱን ቀበረ።

«አሁን እኮ እዚህች ጋ ነበረች! ውይ፣ ጠጥቻት ይሆን እንዴ? አለቃ፣ ዝንብ ጾም ታስገድፋለች?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ መሀል አባቴ ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ወተቱን ጠብታ ሳያፈስስ ፔርሙዙ ውስጥ ገለበጠው፤ ያ ስኒ መያዝ ያቃተው እጅ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነበር። ክዳኑን ገጠመና ደረቅ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ። ፎርማኑ ዞር ሲል ባዶውን ኩባያ አሳየው።

«ጎሽ! እንደሱ ነው!» አለው ፎርማኑ።

አባቴ ሌባ ነው! ምሳ ዕቃውን መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው እጅ ላይ አኑሬ እየሮጥኩ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ነው እያልኩ አልጋ ሥር እገባ ነበር። ወተቱን ግን እጠጣለሁ። ምን ላድርግ፣ ይጣፍጣል። ውሎ አድሮ ግን አላስችል አለኝ፤ አባቴ ታጥቦ ልብሱን እየቀየረ ሳለ ቀረብኩት።

«አባዬ፣ ወተቱ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ።»

«የራስህ የራስህ?»

«የራሴ የራሴ! የማን ሊሆን ኖሯል?»

«ታዲያ ለምን ትደብቀዋለህ? እኔ አይቼሃለሁ።»

የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ሲታገል ነበር፤ ተወው። አጠገቡ አስቀመጠኝ። «አይ የኔ ፖሊስ!» አለኝና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ሰው አንዳንዴ የራሱንም ነገር ተደብቆ ነው የሚወስደው። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት፣ እሺ? ለምን አልጠጣኸውም ብላ ትነዘንዘኛለች።»

«እሺ» አልኩ። እሷ ለምን እንደምትነዘንዘው አልገባኝም፤ ወተት እንደሚጠላ ታውቅ የለም?

አባቴ እየከሳ ሄደ። ሲስቅ ድዱ ላይ ጥቁር መስመር ይታየኝ ነበር፤ ከሰል በልቶ መስሎኝ እሱንም ጠይቄዋለሁ። ከዚያ እጁ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠለጠለና አልነሣም አለ። ከዚያ ተኛ። ማሙሽ የስኒ ጨዋታውን እንዲያሳየው አልጋው ጫፍ ላይ ወጥቶ ሲለምነው እናቴ አንሥታ አወጣችው። አባቴ በዚያው ሳምንት ሞተ።

ለቅሶው ቀን ቤታችን በሰው ተጨናንቆ እኔና ማሙሽ ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጠን ነበር። የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ሱፉን ለብሶ፣ ፎርማኑን አስከትሎ ገባ። ሰው ተነሥቶ ወንበር ለቀቀለት። እናቴ በዚያ ሐዘኗ ውስጥ ተነሥታ ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ጠጣና ጉሮሮውን አጠራ።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ድርጅቱ በበኩሉ ያላደረገው ነገር የለም። ሥራው ብናኝ እንዳለው ይታወቃል፣ ለዚሁ ብለን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ ወተት እንሰጣለን። ወተቱ እኮ ብናኙን ከደም የሚያጥብ መድኃኒት ነው። እሳቸው ግን አይጠጡም ነበር፤ ወደ ቤት ነበር የሚያመላልሱት። ቢጠጡት ኖሮ ዛሬ እዚህ መካከላችን በነበሩ! እንግዲህ ምን ይደረጋል…ለልጆቻቸው ብለው ነው።»

ጋሽ ጉልቤ ከጥግ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ።

«አንተ ሰውዬ አታፍርም? ማራገቢያውን አስጠግኑልን ብለን ስንጮህ አይደል እንዴ ወተቱን ያመጣችሁልን? ወተት ሰጥታችሁ አፋችንን ዘጋችሁት! ማራገቢያው ላይ እኮ ወፍ ትፈለፍልበታለች!»

ፎርማኑ ክንዱን ያዘው። «ተው እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ተው!»

«ለቅሶ ቤት ያደረጋችሁት እናንተ!» እያለ ገፍተው አወጡት። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ደጃፍ እንዳይደርስ ተደርጓል፤ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ እኔ፣ ያቺ ብልህ ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን ስሙልኝ። ሰውዬው «ወደ ቤት ነበር የሚያመላልሱት» ሲል ሌብነቱ ተደረሰበት፣ የመጡት ለወተቱ ነው አልኩ። ጋሽ ጉልቤ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የዚያችን ምስኪን ወፍ ቤት የሚያፈርስባት ብዬ ተቀየምኩት። ቀስ ብዬ ተነሥቼ ፔርሙዙን ከመደርደሪያው አወረድኩና ከሰል ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት፤ አገኙትም አላገኙትም አባቴን እንግዲህ ሊያስሩት አይችሉም ብዬ ተጽናናሁ። ስመለስ እናቴ አላለቀሰችም። እኔንና ማሙሽን ታየን ነበር። ዓይናችንን አልነበረም የምታየው፤ አፋችንን ነው። ከዚያ ሰውዬውን «ስለመጡልን እግዜር ይስጥልን» ብላ እስከ በር ሸኘችው።

ፔርሙዙን ከሰል ልታወጣ ስትገባ አገኘችው። ማን ደበቀው ብላ አልጠየቀችም። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

ከዚያ ወዲያ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችን። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ እኔ ነርስ ሆኜ የተመረቅሁ ቀን። እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህን እያጠብን ሳለ በድንገት «አባታችሁን እኮ የገደልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «በገዛ እጄ እያሞቅሁ።» ሳህኑን ማጠቧን አላቆመችም። «ኧረ ተይ እማዬ!» ከማለት ሌላ ያልኩት ነገር የለም፤ ምክንያቱም እኔም ያንኑ አምን ነበር። አባቴን አንድ አንድ ኩባያ እያደረግን የጠጣነው እኛ ነን ብዬ። ይህን ይዤ ነው ያደግሁት፣ ያገባሁት፣ ልጄን ያጠባሁት። እስቲ አስቡት! ማራገቢያ የሚያስጠግን ጠፍቶ፣ ጥፋቱ ተንከባልሎ መጥቶ ወተት የሚጠጡ ሕፃናት ላይ ሲያርፍ!

ባለፈው ወር የምሠራበት ሆስፒታል አንድ ሰው ተኛ። የባትሪ ሠራተኛ ነው። እጁ ከአንጓው ተንጠልጥሏል፤ ድዱን ገልጬ ሳየው ጥቁሩ መስመር እዚያው ነበር። ሚስቱ ከራስጌው ቆማ ሐኪሙን ትለምናለች፤ «ዶክተር፣ ወተቱን ሳያቋርጥ ነው የጠጣው። አንድም ቀን አላስተረፈም። ታዲያ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ሐኪሙ ወጣት ነው። ከወረቀቱ ቀና አለና «የምን ወተት?» አለ።

ነገረችው።

«እናቴ፣ በአፍንጫ ሳንባ የገባን ብናኝ ወተት ሆድ ገብቶ እንዴት አድርጎ ያጥበዋል? ለዚህ ወተት መድኃኒት አይሆንም። የሚያድነው ብናኙን የሚስብ ማሽን፣ ጭምብልና መታጠቢያ ነበር።»

የያዝኩትን ትሪ አስቀመጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ተከትዬው ወጥቼ እንደገና እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ትንሽ እንኳ አይረዳም ወይ አልኩት። «ሲስተር፣ በዚያ ብናኝ ውስጥ እየዋለ? በርሜል ቢጠጣ ያው ነው» አለኝ። ሌላ ትልቅ ሐኪም ጠየቅሁ፣ ያንኑ አለኝ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ የማውቀውን እርግማን ሁሉ አወረድኩ። የሱፉ ሰውዬ በጡረታ ተከብሮ ኖሮ፣ አርጅቶ፣ አልጋው ላይ ነው የሞተው። መሞቱ ራሱ አናደደኝ፤ ምን አለ ጥቂት ቢቆየኝ!

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እናቴ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሪ ላይ ምስር ትለቅማለች። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

«እማዬ፣ ወተቱ መድኃኒት አልነበረም።»

«የቱ ወተት?» አለች፤ እጇ ግን ቆሟል።

«የአባዬ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ባልዲውን ሙሉ ቢጠጣውም ያው እንደነበር፣ ያ የወፍ ጎጆ የነበረበት ማራገቢያ ቢዞር ግን ምናልባት ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ምስሩን ያበላሽባት እንደነበር። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ማን አለ?»

«ሐኪሞቹ። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቄያለሁ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እናቴ ግን ትሪውን ወዲያ ገፋችው፣ ምስሩ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ውሃ ቀድቼ ሰጥቼዋለሁ እኮ!» ብላ ጮኸች። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «በሁለት እጄ! ባሌን ቀብሬ መጥቼ፣ በሁለት እጄ! እግዜር ይስጥልን ብዬ ሸኘሁት እኮ! ያንን…ያንን ከነሱፉ…አላፈረም? ልጆቼን እያየ አላፈረም?»

«አላፈረም፣ እማዬ።»

ተነሥታ ክፍሉን ዞረች፣ ሣጥኑ ጋ ደርሳ ተመለሰች፣ እንደገና ተቀመጠች። ትንፋሿ ረገብ እስኪል ምስሩን መልቀም ጀመርኩ። ለቅሜ ሳልጨርስ ጠራችኝ።

«አባትሽስ ያውቅ ነበር? ከንቱ መሆኑን?»

«የት ያውቃል? እሱም ነግረውት አምኗል። የሚያድነኝ ይህ ነው ብሎ አምኖ ነው ለኛ የሰጠን።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንደዚያን ቀን አፌን አየችው። እጇን ዘርግታ፣ ሕፃን ሳለሁ ወተት እንደምትጠርግልኝ አድርጋ፣ ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

«እሰይ!» አለች። «እንኳን ጠጣችሁት።»